መግል በልብ ዙሪያ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ ያደረገው ንግግር)



አንድ ልጅ ጭኑ ላይ እባጭ ወጥቶበት፥ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት ገባ እንበል። እባጩ ተበጣ፤ መድኃኒትም ተሰጠው፤ ትኩሳቱ በረድ አለ። ወላጆቹ ተመስገን ብለው ሊወስዱት ሲሰናዱ ልጁ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጋደም ሲል ይብስበታል፤ የአንገቱ ደም ሥሮች ተገትረዋል፤ ሳምባው ግን ሲደመጥ ንጹሕ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

ልብ ያለ ልብስ አልተፈጠረም። ፔሪካርዲየም የሚባል ድርብ ከረጢት ይሸፍነዋል፤ በድርቡ መካከልም ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆን ማለስለሻ ፈሳሽ አለ። ባክቴሪያ ከእባጭ ወይም ከአጥንት ቁስል ተነሥቶ በደም ሲጓዝ፥ ወይም ከታመመ ሳምባ ሲሻገር፥ ይህ ከረጢት መግል ይቋጥራል። ከፔኒሲሊን በፊት ዋናው መነሻ የሳምባ ምች ነበር። ዛሬ በሽታው እምብዛም አይታይም፤ ስለማይታይም ይረሳል።

ከረጢቱ ቀስ እያለ ከሞላ ይለጠጣል፤ ከአንድ ሊትር በላይ የሚችልበትም ጊዜ አለ። በፍጥነት ከሞላ ግን 200 ሚሊ ሊትር፥ ማለት አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል፥ ልብን አፍኖ ሊገድል ይበቃል። ልቡ ጉልበት አላጣም፤ ደም የሚቀበልበትን ስፍራ ነው ያጣው።

አሜሪካዊው ቀዶ ጠጋኝ ክላውድ ቤክ በ1935 እ.ኤ.አ. ሦስት ምልክቶችን አመለከተ፤ የደም ግፊት መውረድ፥ የአንገት ደም ሥር መገተር፥ የልብ ድምፅ መራቅ። ሦስቱም እስኪሟሉ የሚጠብቅ ሐኪም ግን ይዘገያል። ጀርመናዊው ኩስማውል በ1873 እ.ኤ.አ. የጻፈውን፥ በሽተኛው አየር ሲስብ የእጁ ትርታ መድከሙን፥ በጣት መፈተን ይቻላል። ለዚህ እንኳ መሣሪያ የለንም አንልም!

በአገራችን በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሲገኝ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የነቀርሳ በሽታ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚዳከመውን ልጅ በዚያ ግምት ብቻ ማስተኛት አደገኛ ነው። ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ ይታይ።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት በመድኃኒቱ መተማመን ነው። መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድል ይሆናል፤ የተቋጠረውን መግል ግን አያወጣም። ካልታከመ በሽተኛው ይሞታል ማለት ይቻላል፤ ታክመውም የሚሞቱ ብዙ ናቸው። መግሉ ወፍሮ በመርፌ አልወጣ ሲል ቀዶ ጠጋኙ ከፍርንባ አጥንት በታች ከፍቶ ቱቦ ይተዋል። የዳነውም ቢሆን ከረጢቱ ጠባሳ ሆኖ ልቡን ሊያንቀው ስለሚችል ለወራት እየተመላለሰ መታየት አለበት።

ጥያቄ ያለው ጓደኛ ቢኖር ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።