ከክንፍ ተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፦ የሮይ ፍራንሲስ ጉዞ

ዛሬ የምናገረው በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ ጨዋታና ከጨዋታውም ይልቅ ስለማይታወቅ ሰው ነው። ራግቢ ሊግን በቴሌቪዥን እንኳ ያየ እጁን ያውጣ። አራት እጆች ይታዩኛል፤ ከጠበቅሁት ይበልጣል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ጨዋታው የተወለደው ከደመወዝ ጥያቄ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ራግቢ የሚጫወቱት ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ቅዳሜ ለጨዋታ ሲወጡ የቀን ገቢያቸው ይቀርባቸው ነበር። ክለቦቹ ይህን ለመካስ ቢጠይቁም የራግቢው ማኅበር ተጫዋች ገንዘብ አይቀበልም ብሎ እምቢ አለ። በ1895 የሰሜኑ ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። በ1906 የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አደረጉት። የዌልስ ወጣቶች ወደ ሰሜን እየሄዱ ለገንዘብ መጫወት ሲጀምሩ የአገራቸው ራግቢ በሩን ይዘጋባቸው ነበር። መሄድ እንጂ መመለስ አልነበረም ማለት ነው።

ሮይ ፍራንሲስ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። በ1919 በዌልስ ተወለደ፤ ያደገው ብሪንማወር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጥቁር ነበር። ገና በ17 ዓመቱ ዊጋን የተባለው ታላቅ ክለብ አስፈረመው። ከዚያ ወደ ባሮው፣ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ዋሪንግተን፣ በ1949 ደግሞ ወደ ኸል ተዛወረ። የክንፍ ተጫዋች ነበር፤ ሥራው በሜዳው ጠርዝ ሮጦ ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት ነው። ይህን በጨዋታ ዘመኑ ከ200 ጊዜ በላይ አድርጎታል። ለታላቋ ብሪታንያ ግን የተሰለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1947 ከኒውዚላንድ ጋር። በዚያች አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ አስቆጠረ።

ከዚህ በፊት፣ በ1946፣ ብሔራዊ ቡድኑ በጦር መርከብ ተሳፍሮ ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ ፍራንሲስ አልተካተተም። የታሪክ ጸሐፍት ምክንያቱን በጊዜው አውስትራሊያ ከምትከተለው በቆዳ ቀለም ላይ ከተመሠረተ የስደተኞች ሕግ ጋር ያያይዙታል። እኔም ሌላ አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በጦርነቱ ጊዜ ፍራንሲስ በሠራዊቱ ውስጥ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ሆኖ አገልግሏል። ይህን አቅልለን ልናልፈው አይገባም፤ ብዙ ተጫዋቾች ስለ ማሠልጠን የሚያውቁት በራሳቸው ላይ የተፈጸመውን ብቻ ሲሆን፣ እሱ ግን የማያውቃቸውን ሰዎች ሰውነት ማስተማርን እንደ ሙያ ተምሮ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገና ጫማውን ሳይሰቅል የኸል አሠልጣኝ ሆነ። በብሪታንያ የፕሮፌሽናል ቡድን ካሠለጠኑ ጥቁር ሰዎች የመጀመሪያው እንደ ነበረ ይነገራል። በዚያ ዘመን በብዙ ክለቦች ቡድኑን የሚመርጠው የዳይሬክተሮች ኮሚቴ ነው፤ አሠልጣኝ የሚባለው ሰው ተጫዋቾችን በሜዳው ዙሪያ ከማስሮጥና የታመመ ጡንቻ ከማሸት ብዙ ያልራቀ ሥራ ነበረው።

ፍራንሲስ ጨዋታዎችን በፊልም እያስቀረጸ ከተጫዋቾቹ ጋር ይመለከት ነበር። ከባድ የሆኑትን የፊት መስመር ተጫዋቾች እንደ ክንፍ ተጫዋች ፍጥነት እንዲያዳብሩ አደረገ። ስለ ተጫዋቹ አእምሮ ይጨነቅ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አይናገራቸውም። ሚስቶችና ቤተሰቦች ወደ ጨዋታ የሚመጡበትን መጓጓዣ እስከ ማመቻቸት ደርሷል። ዛሬ ይህ ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ምዕራፍ አለው። ያን ጊዜ ግን መጽሐፉ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። እኔም በወጣትነቴ የእግር ኳስ ክንፍ ተጫዋች ነበርሁ። ጉልበቴ ሲጎዳ የታዳጊዎች ቡድን ተሰጠኝ። የማውቀው አሠልጥነውኝ የነበሩት እንዳደረጉኝ ማድረግ ነበር። አንድ ልጅ ማለዳ ለልምምድ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ እኔም እንደ ቅጣት ሜዳውን አሥር ዙር አስሮጠው ነበር። አንድም ቀን ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። በሁለተኛው ወር ቀረ። ሌሊት አትክልት ተራ ዕቃ ሲያወርድ አድሮ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይመጣ እንደ ነበር የሰማሁት ከጓደኞቹ ነው። በቡድኑ ውስጥ ከእሱ የሚፈጥን አልነበረም። ስለ ፍራንሲስ ያነበብሁት ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ የተጫዋቾቹን ቤት ያውቅ እንደ ነበር ከሚናገረው ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ አላለፍሁም።

ውጤቱን በአጭሩ ልናገር። ኸል በ1956 ሃሊፋክስን 10 ለ 9፣ በ1958 ደግሞ ወርኪንግተንን 20 ለ 3 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1959 እና በ1960 የዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ፤ ስለዚህ ዘዴው ሁሉን ይፈታል የሚል አይሳሳት። በ1963 ወደ ሊድስ ሄደ። በ1968 በዌምብሌይ በዝናብ በተጥለቀለቀ ሜዳ ሊድስ ዌክፊልድን 11 ለ 10 አሸነፈ። በመጨረሻው ደቂቃ የዌክፊልዱ ዶን ፎክስ ከግቡ ፊት ለፊት ያገኘውን ቀላል ምት ስቶታል። ታሪኩን የሚያስታውሱ ሰዎች የሚያነሡት የፎክስን ዕድለ ቢስነት ነው፤ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ስለ ነበረው ሰው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1969፣ ፍራንሲስ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በተጫዋችነቱ ያልረገጣትን አገር የኖርዝ ሲድኒ ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ ረገጣት ማለት ነው። ቆይታው የሰመረ አልነበረም፤ ሁለት የውድድር ዘመን ሠርቶ ተመለሰ። በ1975 ሊድስን እንደገና ለዋንጫ አበቃ፤ በ1989 ዐረፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኸልን ሲለቅ ቦታውን የያዘው እሱ ያሠለጠነው የፊት መስመር ተጫዋች ጆኒ ዋይትሊ ነበር። በ1970 ፍራንሲስ ገና ሲድኒ ሳለ፣ ያው ዋይትሊ የታላቋ ብሪታንያን ቡድን ይዞ አውስትራሊያ ደረሰና አስተናጋጇን በራሷ ሜዳ አሸነፈ። ፍራንሲስን በ1946 ካላሳፈረችው መርከብ እስከዚህ ያለው ርቀት 24 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ እጃቸውን ካወጡት ከአራቱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።