የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

ቀዳሚ አቅራቢ፦ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን፣ ማለትም ገንዘብን በእጅ ስልክ ለማስቀመጥ፣ ለመላክና ለመክፈል የሚያስችለውን አገልግሎት፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ከሰልፍ ቢገላገልም፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ስልካቸውን ለወኪል አስረክበው የምስጢር ቁጥራቸውን በሰው ፊት ሲናገሩ ይታያል።

ተከታይ አቅራቢ፦ ይህ እጅግ ያሳስባል፤ ቁጥሩን ለሌላ መንገር ኪስን ከፍቶ እንደ መስጠት ነውና። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታን፣ ይኸውም የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳውቅ መረጃን፣ ቢጠብቅም፣ በሱቅ ባንኮኒ ላይ ጮክ ተብሎ የሚነገረውን ቁጥር ብቻውን ሊሸሽግ አይችልም።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ ጥፋቱ ግን የእናቶቹ አይደለም፤ አገልግሎቱን ያዘጋጀው ወገን በየቋንቋቸው በድምፅ የሚመራ አማራጭ ሊያቀርብላቸው ይገባል።

ተከታይ አቅራቢ፦ እስከዚያው ወኪሉ የምስጢር ቁጥሩ ሲጠየቅ ስልኩን ለእናቲቱ መልሶ፣ ራሷ እንድታስገባ ፊቱን ሊያዞር ይገባዋል።