የእጅ ሰዓት ጀርባ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ብረት ነው። ይህች ብረት የእጅ ሰዓት የጀርባ ክዳን ናት። ስፋቷ ከለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ እርሷ በደንብ ካልተገጠመች ሰዓቱ ዕድሜ የለውም።

እንደምናውቀው ጋፋት የብረት ሥራ ታሪክ ያለበት አገር ነው። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችንና የአገራችንን ሠራተኞች እዚህ ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። አሁንም እዚያው ይገኛል።

መድፍና የሰዓት ክዳን ምን ያገናኛቸዋል? የሚያገናኛቸው ልክ ነው። አረሩ ከመድፉ አፍ ከሰፋ አይገባም። በጣም ካነሰም የባሩዱ ኃይል በዳር በዳሩ አምልጦ ይባክናል። የሰዓት ክዳንም እንዲሁ ነው። ልኩ ካልሆነ ሥራውን አይሠራም።

ለመሆኑ የክዳኑ ሥራ ምንድን ነው? ዛሬ ብዙ ሰው ሰዓት የሚያየው በስልኩ ነው። በሞላ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ግን ባትሪም መብራትም አይፈልግም። በውስጡ ሞላ፣ ጥርስ ያላቸው መዘውሮችና ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ አንዲት ትንሽ መዘውር አሉ። በብዙዎቹ የቀድሞ ሰዓቶች ይህች መዘውር በሰከንድ 5 ጊዜ ትመታለች። በአንድ ቀንና ሌሊት 432,000 ጊዜ ማለት ነው። የምትዞርበት ዘንግ ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። የሚቀባውም ዘይት ከጠብታ ያነሰ ነው። አቧራ ከገባ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል፤ ብረቱንም እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ውኃ ከገባ ደግሞ ይዝጋል።

እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። ክረምቱ ዝናብና ጉም ነው። በጋው አቧራ ነው፤ በተለይ በአውድማ ላይ። ክንዳችን ላይ የሞቀ ሰዓት በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለው እርጥበት መስተዋቱ ላይ ጤዛ ይሠራል። መስተዋቱ ከውስጥ ላብ ካወጣ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ክዳኑ የላላ ጎተራ እህሉን ለዝናብና ለነቀዝ እንደሚሰጥ ሁሉ ክዳኑ የላላ ሰዓትም እንዲሁ ነው።

ክዳን ሊጠፋ፣ ሊጣመም ወይም ጥርሱ ሊበላ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሌላ ክዳን ይፈለጋል። የክዳን ዓይነት በብዛት ሦስት ነው። አንደኛው በግፊት ቀጭ ብሎ የሚገባ ነው። ሁለተኛው እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ የሚጠብቅ ነው። ሦስተኛው በትናንሽ ብሎኖች የሚታሰር ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ዓይነቱ አንድ ቢሆን እንኳ ስፋቱ፣ ጥርሱና የውስጡ ጥልቀት መመሳሰል አለበት። ጥልቀቱ ካነሰ ክዳኑ ማሽኑን ይጫናል።

በክዳኑና በሰዓቱ አካል መካከል ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ውኃ የምትከለክለው እርሷ ናት። ከደረቀች ወይም ከተሰነጠቀች መለወጥ አለባት። የሚዞረውን ክዳን ሲገጥሙ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ማዞር፣ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲቀመጥ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው። እምቢ ካለ ጉልበት አይጨመርም። ጥርሱ ተዛንፎ ሊሆን ይችላልና ወጥቶ እንደገና ይሞከራል። በቢላዋ ጫፍ ሰዓት መክፈት፣ በጥርስ ነክሶ መዝጋት ሰዓቱን መግደል ነው። ይህ ሥራ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የሰዓት ክዳን ይዘጋል፤ ደግሞም ይናገራል። በጀርባው ላይ የብረቱ ዓይነት፣ ውኃ መቻሉና ልዩ ልዩ ቁጥር ተቀርጾበታል። ፊደሉ የላቲን ነው። ቁጥሩ ግን የተማርነው ቁጥር ነው። ለምሳሌ በብዙ የቀድሞ ሴኮ ሰዓቶች ጀርባ ላይ ከሰረዝ በፊት ያሉት 4 አሐዞች የማሽኑን ዓይነት ያመለክታሉ። ይኸው ቁጥር በውስጥ ማሽኑ ላይም አለ። ጀርባው 7009 ብሎ ማሽኑ ሌላ ቁጥር ከያዘ ክዳኑ ወይም ማሽኑ ከሌላ ሰዓት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ክዳን መለወጥ ብቻውን ማታለል አይደለም። ጠጋኙ የተገኘውን ክዳን በልኩ ገጥሞ፣ «ይህ የሌላ ሰዓት ክዳን ነው» ብሎ ከነገረን ሥራው የታማኝ ሥራ ነው። ነገሩ ከተደበቀ ግን የበግ ዋጋ ከፍለን የሌላ ሰዓት ስም ገዛን ማለት ነው። ክዳኑ «ውኃ አያስገባም» ስላለ አምነን ወንዝ ብንሻገር ሰዓታችን ይሞታል። ውኃ የሚከለክለው ጽሑፉ አይደለም፤ ግጥሙና ጎማው ነው።

ያገለገለ ሰዓት ስንገዛ ወይም ስናስጠግን ባለሙያው ፊታችን እንዲከፍተው እንጠይቅ። ቁጥሩን ከቁጥር እናስተያይ። ጎማው መኖሩን እንይ። ከተዘጋ በኋላ በጥፍር ዙሪያውን ዳሰን ክፍተት አለመኖሩን እናረጋግጥ። አንድ ቀንና ሌሊት አስቀምጠንም ከትክክለኛ ሰዓት ጋር እናመሳክረው።

ይህ ነገር በሰዓት ብቻ አያበቃም። የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ሲገለበጥ በላዩ የተጻፈው ሌላ፣ በውስጡ ያለው ሌላ ነው። በዚህ የሚጠፋው ሰዓት ሳይሆን የልጅ ሕይወት ነው።

ፊደል ቆጥረናል፤ ቁጥር ለይተናል። ከእንግዲህ በላዩ የተጻፈውን ስናነብ፣ ውስጡ እንደዚያው መሆኑን እንጠይቅ። ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም። ከብዙ ኪሣራ ግን ያድናል።