በአምቡላንስ ሥራ ላይ የቃል ልውውጥና የኅብረት ሥራ

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለሐኪሞች ጉባኤ እንጂ ለመሐንዲሶች ስብሰባ የሚገባ አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የአምቡላንሱን ሬዲዮ የሚመርጠው፣ አንቴናውን የሚተክለው፣ የጥሪ ማዕከሉንም የሚያደራጀው መሐንዲስ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሬዲዮ የሚተላለፈው ቃል ምን ዓይነት ነው ብሎ መጠየቅ ከሙያችን ውጭ አይደለም። እኛ ስለ ሞገድና ስለ ዋት ብዙ እንከራከራለን፤ ተናጋሪው «እሺ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ አላየሁም።

በዚህ ነገር ከሁሉ የከፋው ምስክር መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አይሮፕላን ማረፊያ የደረሰው አደጋ ነው። በጉም በተሸፈነው መንደርደሪያ ላይ የኬ.ኤል.ኤም. እና የፓን አሜሪካን ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከግጭቱ በፊት የሆላንዱ ረዳት አብራሪ መነሣታቸውን በሚያሻማ አነጋገር ለማማው አስታወቀ። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎም እስክጠራችሁ ቆዩ የሚል ቃል አስከተለ። በዚያው ቅጽበት የፓን አሜሪካን አብራሪዎች ገና ከመንደርደሪያው አልወጣንም ብለው ስለ ተናገሩ፣ በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ድምፅ ተደራረበና ፉጨት ሆነ። ለሆላንዶቹ ጠርታ የደረሰቻቸው «ኦኬ» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። የበረራ መሐንዲሳቸው፣ የሙያ ወንድማችን ልበለው፣ ያኛው አይሮፕላን ገና አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ አዛዡ ግን ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለትና መንደርደሩን ቀጠለ።

ከዚያ አደጋ በኋላ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ፈቃዱ ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ የጠራው ጉባኤም ለአብራሪዎች የኅብረት ሥራ ትምህርት መነሻ ሆነ፤ ትምህርቱ ከዓመታት በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍልና ወደ አምቡላንስ ተሻገረ። የትምህርቱ እምብርት ቀላል ነው። ሐኪሙ «ግማሽ ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጡንቻ ስጥ» ሲል፣ ነርሱ «እሺ» በማለት ፈንታ «ግማሽ ሚሊ ግራም አድሬናሊን በጡንቻ እሰጣለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ከፈጸመም በኋላ «ሰጥቻለሁ» ይላል። «እሺ» በኛ ቋንቋ ሰማሁ፣ ተስማማሁ፣ አደርገዋለሁ፣ አንዳንዴም በቃኝ ተወኝ ማለት ነው። ለጨዋታ ይህ ብልጽግና ነው፤ ለመድኃኒት መጠን ግን አደገኛ ነው።

ከውጭ አገር የመጣውን ደንብ ተርጉሞ መለጠፍ አይበቃም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። የእጅ ሬዲዮ ቁልፍ ተጭኖ ማሰራጫው እስኪነቃ ድረስ ከሰከንድ ያነሰች ጊዜ ታልፋለች፤ መሥመሩ በመቀባበያ ጣቢያ የሚያልፍ ሲሆን ደግሞ ትረዝማለች። ቸኩሎ የሚናገር ሰው የመጀመሪያው ቀለም ይቆረጥበታል። እንግዲህ ሐኪሙ «አትስጥ» ብሎ ቢናገርና የፊቱ ቢቆረጥ፣ በሌላው ጫፍ የሚሰማው «ስጥ» ነው!  መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መፍቀጃውና መከልከያው ከአንድ ግሥ እንዳይወጡ ማድረግ። ለምሳሌ መስጠት ለፈቃድ ብቻ ይቀመጥ፤ ለክልከላ «ክልክል ነው» ይባል። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ አንድ ትንፋሽ ቆይቶ መናገርም ሊለመድ ይገባል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በሚንኮሻኮሽ መሥመር ላይ መንታ ናቸው፤ «ሦስት ዜሮ»፣ «ስድስት ዜሮ» ቢባል ግን ስሕተቱ ሊቀንስ ይችላል።

ስለ አድራሻ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠሪው በ907 ወደ ቀይ መስቀል ወይም አዲስ አበባ ላይ በ939 ወደ እሳትና አደጋ ይደውልና «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» ይላል። ይህ ቃል ከጠሪው ወደ ተቀባዩ፣ ከተቀባዩ ወደ ሹፌሩ ሲሻገር በየእጁ ይሸራረፋል። ተቀባዩ ለጠሪው መልሶ ካላነበበለት የተሸራረፈው አይታወቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው የማዕረግና የዕድሜ ነገር ነው። በአምቡላንሱ ውስጥ ሹፌሩ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከኋላ ከበሽተኛው ጋር የተቀመጠችው ነርስ ደግሞ ወጣት ልትሆን ትችላለች። ገና የወለደች እናት እየደማች ሳለ፣ ነርሷ ማኅፀኑን ለመያዝ መኪናው እንዲቆም ስትፈልግ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ ጥሩ ነበር» ትላለች። ሹፌሩም ትንሽ ቀስ ይላል። ቃሏ ጨዋ ነው፤ ጉዳዩ ግን በውስጡ የለም። አንዳንድ አሠልጣኞች መከባበሩን አውልቃችሁ ጣሉ ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ አክብሮትን በግሡ ላይ ያኖረዋልና ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ደሙ አልቆመም፤ መኪናውን አሁን ያቁሙ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአባት ቢነገር የሚያስነውር አንድም ቃል የለበትም። እንዲህ ያለው አነጋገር አስቀድሞ ካልተለማመዱት ግን በጭንቅ ሰዓት ከአፍ አይወጣም። ሹፌሩም ወደ ልምምዱ መጠራት አለበት፤ ሥልጠና ለባለሙያው ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግማሹን ቡድን ደጅ ያስቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ዝርዝር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ይጠይቃል። በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት ሞት ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። በኋላ በካናዳ በኦንታሪዮ ሲጠና ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። እንደ እኔ ግምት ልዩነቱ የሚመጣው ዝርዝሩ በእውነት ሲነገርና ምልክት ብቻ ሲደረግበት ነው።

በመጨረሻም በሽተኛውን ለሆስፒታል ማስረከብ አለ። የለንደኑ ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ልጆች አሸጋገራቸውን ለማሻሻል የፌራሪን የመኪና እሽቅድምድም ጎማ ለዋጮች አማክረዋል። ከእነርሱ ያገኙት ትምህርት ስለ ፍጥነት ሳይሆን፣ ማን ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ ስለ መወሰን ነበር። በኛ የድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ግን አልጋው ሲገፋ፣ ቤተ ዘመድ ሲጮኽ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ሪፖርቱ ይሰጣል። የበሽተኛው ዕድሜ፣ የደረሰበት ነገር፣ የተገኘው ጉዳት፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ፣ የተደረገለት ሕክምና በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ሌላው ሁሉ ዝም ሊል ይገባል።

ሰዓቱም አለ። ደም ለማቆም እግር በጥብቅ ሲታሰር፣ የታሰረበት ሰዓት ካልታወቀ እግሩን ማዳን አጠራጣሪ ይሆናል። በቅጹ ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ፣ በኛ አቆጣጠር ነውን ወይስ በፈረንጅ? በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። የአምቡላንሱ ነርስ በአንዱ ጽፎ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም በሌላው ቢያነብስ? ከቅጹ ሳጥን አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ የሚያመለክት አንድ መሥመር ማተም ምንም ወጪ አይጠይቅም። በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለውን ቅጽ የማሳተም ወይም የጥሪ ማዕከል የማደራጀት ሥራ የሚደርሳችሁ አባሎች፣ ሰነዱ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ሹፌርና አንድ ነርስ ጠርታችሁ እንድታስነብቡ እጠይቃለሁ።