ለዳቦአችን ኮባ አለን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ የወጣ)



እኔ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የሊቅ ንግግር አታገኙብኝም። ያየሁትን፣ ጠይቄ የተረዳሁትንና ማኅበራችን ቢያደርገው ይበጃል ያልኩትን ነው የምነግራችሁ። ጉዳዩም ምግብ የምንቋጥርበት ፌስታል ነው።

ባለፈው በጋ ከመካከላችን የአንዲት እናት ላም ሞተችባቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሚኖሩት ወተት ሸጠው ነበር። ላሚቱ መጀመሪያ መብላት ቀነሰች፤ ቀጥሎ ማመስኳት ተወች፤ በመጨረሻ ሆዷ ተነፋ። ሐኪም ተጠርቶ መድኃኒት ቢሰጣትም አልዳነችም። ስትከፈት እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ከጨጓራዋ የወጣው እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል አንድ ሰፌድ ይሞላ ነበር። ከዚያ መሐል ቢጫ ቢጫው ብዙ ነው። ቢጫውን ዐወቅሁት። ለለቅሶ ቤት ዳቦ ማደያ ብዬ በማኅበሩ ገንዘብ የገዛሁት እሱን ነበር።

«የእኛው ይሁን የሌላ በምን ታወቀ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቢጫ ፌስታል በየሱቁ ሞልቷል። ነገር ግን ደረሰኙን የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ንግግር እንዳደርግ ያስነሣኝም ይኸው ነው።

ላም ፌስታል የምትበላው ሞኝ ሆና አይደለም። ምግብ የተያዘበት ስለሆነ የጨውና የወጥ ጠረን አለው። ሣር ስትፈልግ እሱን ታገኛለች፤ ትውጠዋለች። ሆዷ ግን አይፈጨውም፤ እዚያው ይጠራቀምና መተላለፊያውን ይዘጋል። ላም ያልበላችው ደግሞ ክረምት ሲመጣ ቦዩን ይደፍናል። በሐምሌ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ውኃ ሲገባባቸው አካፋ ይዘን ወጥተን ምን እንዳወጣን ታስታውሳላችሁ። የቀረው ወደ ጨሞጋ ይወርዳል፤ ጨሞጋም ወደ ዓባይ ይዞት ይሄዳል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ባንግላዴሽ የምትባለው አገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ስስ ፌስታልን የከለከለችው ጎርፍ ሲመጣ ፌስታል የውኃ መውረጃዋን እየደፈነ ስላስቸገራት ነው። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያም በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል።

በእኛም አገር ሕግ ጠፍቶ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ታዲያ ከአሥር ዓመት በላይ በየሱቁ ስናየው ኖርን እንጂ መቼ ቀረ? በ2017 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቆ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ከልክሏል፤ ቅጣትም አስቀምጧል። ስለሆነም ቅጣቱን ፈርተን ሳይሆን ጉዳቱን ዐውቀን ብንተወው ለእኛው ክብር ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር ልበል። ትኩስ ሽሮ በፌስታል አስቋጥሮ ወደ ቤት መውሰድ ለምደናል። ፌስታል ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚሠራ ነገር ነው። ሙቀትና ቅባት ሲያገኘው በውስጡ ያለው ኬሚካል ወደ ምግቡ ማለፉ ይጨምራል። ከሰል ማቀጣጠያ ማድረጉም እንዲሁ ነው፤ ጭሱን የሚስቡት እናትና ያዘለችው ልጅ ናቸው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልለፍ። በውጭ አገር ከተክል የሚሠራ የምግብ መያዣ አለ። አንዱ ከበቆሎ ስታርች የሚወጣ ነው፤ ሲያዩት ከፕላስቲክ አይለይም። ሌላው ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ገለባ የሚሠራ ሳሕን ነው። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን «ከበቆሎ የተሠራ ነው፣ ይበሰብሳል» ስለተባለ ብቻ ልባችሁ እንዳይረካ። ያ የበቆሎው ፕላስቲክ እንዲበሰብስ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ለብዙ ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህም በትልልቅ የኮምፖስት ፋብሪካ የሚገኝ ሙቀት ነው። በእኛ ደጋ፣ በቤታችን ጉድጓድ፣ ከጮቄ በሚወርደው ብርድ ይህን ሙቀት ከየት እናመጣለን? ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ለረጅም ጊዜ እንደ ሌላው ፌስታል ሆኖ ይቀመጣል። ላም ብትውጠውም ያው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «ከምን ተሠራ?» ብቻ ሳይሆን «በእኛ ጓሮ ይበሰብሳል ወይ?» ብለን ነው።

በእኛ ጓሮ የሚበሰብሰውን ደግሞ እናቶቻችን ያውቁታል። ኮባ ነው። በስዊድን አገር የተፈለሰፈው እጀታ ያለው ፌስታል የፈጠራ መብት ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ነው፤ እዚህ ከተቀመጡት አባቶች ብዙዎቹ ይበልጡታል። ከዚያ በፊት አባቶቻችን ስንቅ አልያዙም እንዴ? እንጀራው በአገልግል፣ በሶው በስልቻ፣ ቅቤው በቅል፣ የገበያው ዕቃ በዘንቢል ነበር። ድፎውም በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገር ነበር፤ ዛሬም ይጋገራል። ኮባ ሊጡን ከምጣዱ እንዳይጣበቅ ይከላከላል፣ እርጥበቱን ይይዛል፣ መልካም ጠረን ይሰጣል። እኛ ኮባ የምንተክለው ለቅጠሉ ነው። በጉራጌና በሲዳማ ግን እንሰት ብለው ዋና ምግባቸውን ያወጡበታል። ቆጮውንም በእንሰት ቅጠል ሸፍነው በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ያቆዩታል። ክትፎም በኮባ ላይ ሲቀርብ ያየ ያውቃል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ነው።

አጠቃቀሙን ለወጣቶች ልናገር። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ላዩ ሰም የተቀባ ይመስል ውኃ አያሰርግም። የመሐሉን ወፍራም ጅማት በቢላዋ ታነሣላችሁ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥባላችሁ፣ ከዚያ እሳት ላይ ትንሽ ታጠወልጋላችሁ። ከጠወለገ ሳይቀደድ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ በራሱ ጅማት ይታሰራል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቅቤ፣ አይብ ይይዛል። ሲያበቃ ከአዛባና ከደረቅ ሣር ጋር ጉድጓድ ብትጨምሩት በወራት ውስጥ አፈር ይሆናል። ላምም ብታገኘው መኖዋ ነው።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ወጥ በኮባ አይያዝም፤ ለወጥ የምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። የተቆረጠ ቅጠል ሲሰነብት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መቁረጥ ይገባል። ተክሉን ነፋስ ሲመታው ቅጠሉ ይተለተላል፣ ውርጭም ይጎዳዋል፤ ከቤት ጥግ መትከል ይሻላል። ስትቆርጡም ከውጭ ያሉትን ዝቅ ያሉትን ቅጠሎች ብቻ ቁረጡ፤ መሐለኛውን ጥቅልል አትንኩት። አንድ የብዙ ሰው ስሕተት አለ፤ ኮባ እንደ ሙዝ በጎኑ ልጅ ያወጣል ብሎ መጠበቅ። አያወጣም። ችግኝ ለማግኘት ገና ያልሸመገለ ኮባ ከመሬቱ አጠገብ ይቆረጣል፤ የመሐሉ ቡቃያ ተቦርቡሮ ይወጣል፤ አፈር ይለብሳል። ያን ጊዜ ከዙሪያው ብዙ ችግኝ ይወጣል። አንዱን ሠውቶ ብዙ ማግኘት ነው።

ዳቦና ቆሎ የምትሸጡ እናቶች «ፌስታል ካልሰጠሁት ደንበኛዬ ወደ ጎረቤት ይሄዳል» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ አንዷ ብቻዋን ብትተው ትጎዳለች። ስለዚህ ነው ነገሩ የማኅበር ጉዳይ የሚሆነው። ሁላችንም በአንድ ቀን ከተውነው ደንበኛው የትም አይሄድም፤ ዘንቢሉን ይዞ ይመጣል።

በመሆኑም ለዚህ ጉባዔ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ፦

1ኛ/ ማኅበራችን ከእንግዲህ ለለቅሶም ለስብሰባም ፌስታል አይግዛ። ዳቦው በኮባ፣ ማደያው በሰፌድና በዘንቢል ይሁን።

2ኛ/ ግቢ ያለው አባወራና እማወራ ሁሉ ክረምቱ ሲገባ ሁለት ሁለት ኮባ ይትከል። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ በማኅበሩ ግቢ ትከሉ፤ ቅጠሉም የእናንተ ይሆናል።

3ኛ/ ገበያ ስንወጣ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ፣ ወጥ ስንገዛ የምሳ ዕቃ እንያዝ።

4ኛ/ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጧት እያንዳንዱ ቤት በደጁና በቦዩ ያለውን ፌስታል ይልቀም። የተለቀመው አይቃጠልም፤ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል።

5ኛ/ በዚህ ዓመት ለፌስታል መግዣ ብለን የያዝነው ገንዘብ ላማቸው ለሞተችባቸው እናት የጊደር መግዣ መነሻ ይሁን። ትንሽ ነው፤ ጊደር አይገዛም። የቀረውን መዋጮ እንጨምርበት። እኔ የመጀመሪያውን ከኪሴ አስቀምጫለሁ፤ ደረሰኙም በገንዘብ ያዡ እጅ ይገኛል።

እናቶቻችን ያስተማሩንን ለልጆቻችን ሳናሳይ እንዳንቀር አደራ እላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ አምስቱም ሐሳቦች በጉባዔው ተቀባይነት አግኝተዋል። የኮባ ችግኝ የሚሰጥም ሆነ የሚፈልግ በጽሕፈት ቤቱ ይመዝገብ።