ሣቅና ትምህርት፤ የአስቂኙ ተዋናይ የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወትና ሥራ



በብዙ ሰው ዘንድ ቀልድ የሥራ ፈት ገንዘብ፣ ቀልደኛም ቁም ነገር የጎደለው ሰው ሆኖ ይቈጠራል። በክፍል ውስጥ ተማሪ ሲሥቅ የታየ እንደ ሆነም መምህሩ የተናቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በመምህራን ጉባኤ ፊት የአንድ አስቂኝ ተዋናይ ታሪክ ሲነሣ ያለ ቦታው የመጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወት ሲመረመር፣ አንድ መምህር በአንድ ልጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ሆነ በጎ ነገር እስከ ሽምግልና ድረስ እንደማይረሳ ያስተምራል።

ቻርሊ ቻፕሊን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኤፕሪል 16 ቀን 1889 ተወለደ፤ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ያደገው በሎንዶን ከተማ፣ በስተ ደቡብ ባለው የድኾች ሰፈር ነው። አባቱም እናቱም በትያትር ቤት የሚዘፍኑ ነበሩ። አባቱ ቤቱን ትቶ ሄደ፤ መጠጥ ጐድቶትም በ1901 ሞተ። እናቱ ድምፅዋ ስለ ተበላሸ በልብስ ስፌት ልጆቿን ለማሳደግ ደከመች፤ በመጨረሻ ግን አእምሮዋ ታወከና ወደ ሕሙማን ቤት ተወሰደች። ቻርሊም ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር ወደ ድኾች መጠለያ፣ ከዚያም ሃንዌል ወደሚባለው የድኻ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ ትምህርት ቤት ጥፋተኛ የተባሉ ልጆች በየዓርቡ በጓደኞቻቸው ፊት ይገረፉ ነበር። አንድ ቀን ቻርሊ ባልሠራው ጥፋት ተከሰሰ። «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከድንጋጤው የተነሣ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ መለሰና ተገረፈ። ይህን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 75 ዓመት ነበር። ፍርሃት የነገሠበት ክፍል እውነትን እንደማያወጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

በሌላ ትምህርት ቤት ሳለ ደግሞ እናቱ የሰጠችውን አንድ አስቂኝ ግጥም በዕረፍት ሰዓት ለጓደኛው ሲያነበንብ መምህሩ ሰማው። መምህሩ አልተቈጣም፤ በክፍሉ ፊት አቁሞ እንዲደግመው አደረገ፤ በማግሥቱም ልጁ በየክፍሉ እየተወሰደ ግጥሙን አሰማ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይነ አፋርና ማንም የማያውቀው የነበረው ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እንኳ እንደ ተሻሻለለት ይናገራል። ያ መምህር ያወጣው ገንዘብ የለም፤ የሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ቻርሊ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ከእንጨት ጫማ ጨፋሪዎች ማኅበር ጋር ወደ መድረክ ወጣ። በ1908 ፍሬድ ካርኖ በሚባለው የትያትር አለቃ ጓድ ውስጥ ገብቶ፣ በ1910 ከጓዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1914 በሲኒማ ታየ፤ በዚያው ዓመትም ጠባብ ኮት፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልቅ ጫማ፣ ትንሽ ባርኔጣና ቀጭን ከዘራ ያለውን ከርታታ ሰው ፈጠረ። በሳምንት በ150 ዶላር የጀመረው ተዋናይ፣ በ1916 የሳምንት ደመወዙ 10,000 ዶላር ደረሰ። በ1919ም ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የራሳቸውን የፊልም ኩባንያ አቋቋሙ።

የከርታታው ሣቅ ምሥጢር ይህ ነው፤ ሰውየው ምንም ቢወድቅ ክብሩን አይጥልም፤ ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ባርኔጣውን ያነሣል። ተመልካች የሚሥቀው በድኻው ላይ ሳይሆን ከድኻው ጋር ነው። በ1921 በወጣው «ሕፃኑ» በተባለው ፊልም፣ ከርታታው ያሳደገውን ሕፃን ሹማምንት በግድ ሊወስዱበት ሲሉ፣ ያ ሣቅ ድንገት ወደ እንባ ይለወጣል። ሹማምንት ልጅን ከቤቱ ሲወስዱ ምን እንደሚመስል ቻፕሊን በልጅነቱ የኖረበት ነገር ነበር።

ቀልድ ያለ ድካም የሚገኝ አይምሰላችሁ። «የከተማ ብርሃን» ለተባለው የ1931 ፊልም፣ ከርታታው ከዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኝበትን አጭር ክፍል ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ አስነሣው።

ለኢትዮጵያውያን ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚቀርበው በ1940 የወጣው «ታላቁ አምባገነን» ነው። ቻፕሊን በዚህ ፊልም በሂትለር ላይ ሲያፌዝ፣ በ1928 የኢትዮጵያ ዘመን አገራችንን የወረረውን ሙሶሊኒን ደግሞ ቤንዚኖ ናፓሎኒ የሚባል ጉረኛ አድርጎ አቀረበው። የናፓሎኒ ባቡር መቆሚያውን ስቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል፣ ምንጣፍ አንጣፊዎች እየተከተሉት ይሯሯጣሉ። ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ለመሆን ወንበራቸውን ከጣራ እስኪደርስ ከፍ ያደርጋሉ። ፊልሙ ሲወጣ የኢትዮጵያ አርበኞች ገና በዱር በገደል ይዋጉ ነበር፤ አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. የተቀበለችው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሣቅ ጠመንጃን አይተካም፤ የግፈኛን ግርማ ግን ይገፍፋል። ቻፕሊን ራሱም በናዚዎች እስር ቤቶች የተፈጸመውን ግፍ በሙሉ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ለመሥራት እንደማይችል በኋላ ጽፏል። ሣቅም ወሰን እንዳለው አወቀ።

የግል ሕይወቱ ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። ካገባቸው አራት ሴቶች ሁለቱ በጋብቻቸው ጊዜ ገና የ16 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ይህን የልጆች አሳዳጊ የሆነ መምህር በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። በ1952 ወደ ሎንዶን ሲጓዝ፣ በኮሙኒስትነት ስለ ተጠረጠረ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት፤ እርሱም በስዊስ አገር ተቀመጠ። በ1972 አሜሪካ ጠርታ የክብር ኦስካር ሸለመችው፤ በ1975 የእንግሊዝ ንግሥት የ«ሰር» ማዕርግ ሰጠችው። በ1977 በአውሮፓውያን የገና ቀን በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ክቡራን መምህራን፤ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ጓደኞቹን የሚያሥቅ ልጅ አይጠፋም። ሣቁ ደካማውን የሚያዋርድ ከሆነ ሊታረም ይገባል። ነገር ግን የተራበ ወይም ያዘነ ልጅ ራሱን ለማቆም የሚይዘው ከዘራ ሊሆንም ይችላልና፣ አለንጋው ከመነሣቱ በፊት ልጁ ይጠየቅ፤ መልሱም በትዕግሥት ይሰማ። ቻርሊ በሁለት ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓይነት ሰዎች ገጠሙት፤ አንዱ ሳያጠፋ ገረፈው፣ ሌላው ቀልዱን ሰምቶ ወደ ፊት አቆመው። ነገ ጧት ደወል ሲደወል እያንዳንዱ መምህር ወደ ክፍሉ የሚገባው ከሁለቱ አንዱን ሆኖ ነው።