የቲሙ የሚተኛበት ግድግዳ
(ክረምት ሊገባ ሲል ለማኅበራችን ለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይውረድ።



ንግግራችንን የምንጀምረው ስህተታችንን በማመን ነው። ባለፈው ክረምት ማኅበራችን ከሚረዳቸው ልጆች አንዱ በቁርኣን ትምህርቱ ላይ ያንቀላፋ፣ ያለማቋረጥ ያስነጥስ፣ ዓይኖቹንም ያሽ ነበር። እኛ መምህራኑ ስንፍና መስሎን ገሠጽነው። እናቱም ብርድ መትቶት ነው ብለው የዝንጅብል ሻይ ያጠጡት ነበር። ቤታቸውን ስንዘይር ግን ፍራሹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣም ከበስተጀርባው ረጥቦና ጠቁሮ አገኘነው። ለልጁ ደብተርና ልብስ ሰጥተን ነበር፤ ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ ግን አልጠየቅንም። አላህ ይማረን።

ያ ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው። የረጠበ ግድግዳ፣ ፍራሽ ወይም ካርቶን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊበቅልበት ይችላል። ከእርሱም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዘሮች እየተነሡ በአየር ይበተናሉ። አንዳንዱ ሰው ቢተነፍሳቸውም አይጎዳም፤ የሌላው ሰውነት ግን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋቸዋል። የሻጋታ አለርጂ የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል።

እንዴት እንለየው? ጉንፋን በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። አለርጂ ግን ይቆያል፤ አፍንጫንና ዓይንን ያሳክካል፤ ትኩሳት አያመጣም። ልጁ ሌሊትና ማለዳ ብሶበት ከቤት ሲርቅ ከቀለለው፣ ቤቱን እንመርምር። ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ አስም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ትንፋሹ አጥሮት መናገር ካቃተው ግን ለአፍታም አይጠበቅ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። የአንቲባዮቲክ እንክብል ለአለርጂ አይጠቅምምና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተን አንስጠው።

መከላከያው ውሃውን ከምንጩ ማቆም ነው። የተበሳው ቆርቆሮ ይደፈን፤ አሸንዳ ይሠራ፤ የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ ይቆፈር። ይህ ሳይደረግ ኖራ ብንቀባ እስከሚቀጥለው ክረምት መሸፈን ብቻ ይሆናል። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ይነሣ። ፍራሹ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከወለሉም ከፍ ይበል፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከብርድ ልብሱ ጋር ይሰጣ። እርጥብ ልብስ ልጆች በሚተኙበት ክፍል አይሰቀል፤ ዝናቡ ሲያባራም መስኮቱ ይከፈት።

ሻጋታው ሲጸዳ ልጆቹ ከቤት ይውጡ፤ የሚያጸዳውም ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። የተለሰነ ግድግዳ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ የጭቃ ምርጊት ከሆነ የሻገተው ተፍቆ እንደገና ይመረግ። በረኪና ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

እናቶቻችን ሽታውን ለማጥፋት እጣን ያጤሳሉ። እጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ሻጋታውን አያጠፋም፤ ጭሱም የታመመውን ደረት ይብስ ያውካል። ቤቱን ለማድረቅ ብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትማ ነፍስ ያጠፋል።

ለጋሾቻችን ሆይ! በአዲስ አበባና በብዙው ደጋ አገራችን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። አሁን የምትሰጡት አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ፍራሽ ወይም የአንድ ቀን የአናጺነት ጉልበት በሐምሌ ሌሊት ለአንድ የቲም ትንፋሽ ይሆናል። ዚያራ ስትሄዱ በእንግዳ መቀበያው አትወሰኑ፤ የቤቱን እመቤት አስፈቅዳችሁ ልጁ የሚተኛበትን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። እናንተም አሳዳጊዎች ቤታችን ያፍሳል ለማለት አትፈሩ፤ የቲሙ በሁላችንም ላይ የተጣለ አማና ነው።

የዚያን ልጅ ቤት ጣሪያ ጠግነን ፍራሹን ለወጥን። ፈጽሞ ዳነ አንልም፤ ሳሉ ግን ቀሎለታል፣ ሌሊትም ይተኛል፣ በትምህርቱም ነቅቷል፤ አልሐምዱሊላህ። እኛም ስለ ግሣጼያችን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

አላህ ሰደቃችሁን ይቀበላችሁ፤ የቲሞቻችንንም በጤና ያሳድግልን። አሚን።